ባ ዲን አደባባይ፦ እማዬን ይዤ የተመላለስኩበት የሃኖይ ሜዳ

እማዬ የቬትናም ዋና ከተማ ሃኖይ የመጣችው ለሦስት ሳምንት ነበር። እኔ እዚህ ከተማ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። «ምን ላሳይሽ?» ስላት ሐይቅም አላለች፣ ገበያም አላለች። «አገሩ የቆመበትን ቦታ አሳዪኝ» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና ባ ዲን አደባባይ ትዝ አለኝ። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ አራት ቀን ሄድንበት።

ይህን የምጽፈው ሰዎች ባ ዲንን አይተው «ባዶ ሜዳ ነው፣ ምን አለው?» እያሉ ሲመለሱ ስለምሰማ ነው። ይቆጨኛል። ቦታው ሰዓት ይፈልጋል። ሰዓቱን ካወቃችሁ በሃኖይ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም። ሰዓቱን ካላወቃችሁ ደግሞ እውነትም ባዶ ሜዳ ነው። ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመቶቹ ግን በፈረንጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ የሄድነው ዓርብ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነበር። የነፃይቱ ቬትናም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆ ቺ ሚን መካነ መቃብር አደባባዩ ላይ ነው፣ አንድ ጉዞ አስያዥ ቢሮ «ዓርብ ክፍት ነው» ብሎን ነው። ክፍት አይደለም። ሰኞና ዓርብ ይዘጋል። ደረስን፣ በሩ ዝግ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አደባባዩ ርዝመቱ 320 ሜትር፣ ወርዱ 100 ሜትር ነው። በዚያ ሁሉ ስፋት ውስጥ የምትጠለልበት አንድ ዛፍ የለም። ዛፎቹ ያሉት ዳር ዳሩን ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። አንዱ ዛፍ ሥር የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እያራገበች። ሜዳውን አየች፣ ግራጫውን ሕንፃ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳንቆይ ተመለስን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን እሁድ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀሰቀስኳት።

ገና ጨለማ ነው። ታክሲ ይዘን ሁንግ ቩንግ መንገድ አጠገብ ወረድን። መንገዱ በአደባባዩ ጎን ነው የሚያልፈው። የሠፈሩ አዛውንቶች ቀድመውን ወጥተዋል። እጃቸውን እያወዛወዙ በፍጥነት ይራመዳሉ፣ አንዳንዶቹ በሕብረት ስፖርት ይሠራሉ። ከክፍለ ሀገር በአውቶቡስ የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አንገታቸው ላይ ተሸክመው ቆመዋል። አረንጓዴ የወታደር ልብስ የለበሱ ሽማግሌዎች አሉ፣ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ ተደርድሯል። ሁሉም ባንዲራው ወደሚሰቀልበት ምሰሶ ዞረዋል። ድምፅ የለም። ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ እንዲህ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም።

ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ከመካነ መቃብሩ ጀርባ ነጭ የለበሱ ወታደሮች ወጡ። ባንዲራ ያዡን ጨምሮ 37 ናቸው። ከነሱ ውስጥ 34ቱ ትርጉም አላቸው። የሆ ቺ ሚን የጦር አዛዥ ቮ ንጉዬን ዢያፕ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 1944 በሰሜኑ ጫካ የመጀመሪያውን የጦር ክፍል ሲያቋቁም የነበሩት ታጋዮች 34 ብቻ ነበሩ። የዛሬው የቬትናም ሠራዊት ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ይህን ለእማዬ በጆሮዋ አንሾካሾክኩላት። «ሠላሳ አራት ብቻ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር አየኋት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እሱን እንዳያመልጣችሁ። ወታደሮቹ ምሰሶው ሥር ደርሰው ባንዲራውን ገመዱ ላይ ካሰሩት በኋላ ብሔራዊ መዝሙሩ ይጀምራል። በዚያች ቅጽበት ባንዲራውን የያዘው ወታደር የጨርቁን ጫፍ በአንድ እጁ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ጨርቁ በአየር ላይ እንደ መረብ ተዘርግቶ ይከፈታል። ቀይ ነው፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ኮከብ። ወታደሩ ክንዱን ዘርግቶ እንደዚያው ይቀራል፣ ባንዲራው ግን ከእጁ ወጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል። እማዬ ነጠላዋን አደገደገች። ማንም አላዘዛትም። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወታደር እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ሲሰጡ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ከ1ኛ ክፍል የማይበልጡ ልጆች እንኳ ንቅንቅ አላሉም።

ይህ ሥነ ሥርዓት በየቀኑ አለ። የተጀመረው ግንቦት 19 ቀን 2001 ነው፣ የሆ ቺ ሚን የልደት ቀን ላይ። በሞቃቱ ወራት 12 ሰዓት ነው፣ ከኅዳር መባቻ በኋላ ባለው ብርድ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወራቱን የቆጠርኩት በፈረንጆቹ ነው። ክፍያ የለውም።

ሥነ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ዳር ላይ ተቀምጠን ታሪኩን ነገርኳት። ያኔ ነው ሜዳው የሞላላት መሰለኝ።

«ባ ዲን» ማለት ሦስት የመንደር አዳራሽ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከሃኖይ አይደለም፣ ታን ሆአ ከሚባል ክፍለ ሀገር ነው። በ1886 እና በ1887 ሦስት መንደሮች ረግረግ ውስጥ በአፈርና በቀርከሃ ምሽግ ሠርተው ቅኝ ገዢዋን ፈረንሳይን ተዋጉ። እያንዳንዱ መንደር የየራሱ አዳራሽ ነበረው። ምሽጉን ከከበቡት የፈረንሳይ መኮንኖች አንዱ ጆሴፍ ዦፍር ነበር፣ በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማርሻል የሆነው ሰው። ምሽጉ ወደቀ። ስሙ ግን አልሞተም። በፈረንሳይ ዘመን ይህ አደባባይ ፑዢኒየ በሚባል ጳጳስ ስም ነበር የሚጠራው። በ1945 የሃኖይ ከንቲባ የነበሩት ሐኪሙ ቻን ቫን ላይ የፈረንሳይን ስም አንሥተው የሦስቱን መንደሮች ስም ሰጡት። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። የተሸነፈ ምሽግ ስም ለአገሩ ዋና አደባባይ ሲሰጥ ማየት ልብ ይነካል።

ከዚያ መስከረም 2 ቀን 1945 መጣ፣ ጃፓን እጅ መስጠቷን በፊርማ ያጸደቀችበት ቀን። ሆ ቺ ሚን እዚሁ ሜዳ ላይ በእንጨት መድረክ ቆመው የነፃነት አዋጁን አነበቡ። የ55 ዓመት ሰው ነበሩ። ያነበቡትን ያዘጋጁት ሃንግ ንጋንግ መንገድ ላይ ባለው 48 ቁጥር ቤት ውስጥ ነው። አዋጁ የሚጀምረው ከአሜሪካ የ1776 የነፃነት መግለጫ ቃል በመውሰድ ነው። ከዚያ የፈረንሳይን የ1791 የሰው ልጆች መብት መግለጫ ያነሣል። ቅኝ ገዢውን በራሱ ቃል ይሞግተዋል ማለት ነው።

እማዬን የያዛት ግን ይህ አልነበረም። እያነበቡ ሳለ መሐል ላይ አቁመው ሕዝቡን ጠየቁ፦ «ወገኖቼ፣ የምናገረው ጥርት ብሎ ይሰማችኋል?» ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «ይሰማናል!» ብሎ መለሰ። ያኔ ብዙው ሰው ስለሳቸው በቅጡ አያውቅም ነበር። ስማቸውን ሰምቶ መልካቸውን ያላየ ነው የሚበዛው። በዚያች ጥያቄ ነው የተዋወቁት። እማዬ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሜዳውን አየች። «እዚህ ነው የጠየቁት?» አለች። «እዚህ» አልኳት። «የት ጋ?» አለች። ልክ የቆሙበትን ነጥብ ለማየት ፈለገች። በእጄ ወደ ሜዳው አመለከትኳት፣ መሐል ገባ ብላ ቆመችና ወደ አራቱም አቅጣጫ ዞረች። ስትዞር አየኋት፣ ምን እያሰበች እንደነበር አልጠየቅኋትም።

መካነ መቃብሩ ውስጥ የገባነው ማክሰኞ ነው። በሞቃቱ ወራት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው የሚከፈተው። በብርዱ ከ2 እስከ 5 ሰዓት። ከሰዓት በኋላ ክፍት አይደለም። በሞቃቱ ወራት መሐልም ለጥገና ለብዙ ሳምንታት ስለሚዘጋ ጉዟችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ግን ይንቀሳቀሳል። እኛ 50 ደቂቃ ያህል ቆመናል። ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አይፈቀድም። ፎቶ የለም። ኮፍያ ይወለቃል። እጅን ኪስ ውስጥ መክተት እንኳ ይከለከላል። እማዬ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ነበር። አንዱ ዘብ በእጁ ምልክት ሰጣት፣ ወደ ትከሻዋ አወረደችው።

ሕንፃው ግራጫ ግራናይት ነው። ግንባታው የተጀመረው መስከረም 2 ቀን 1973 ነው። የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 1975 ነው። ፊት ለፊቱ 79 የሳጎ ተክሎች ተተክለዋል፣ በኖሩበት ዓመት ልክ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ብርሃኑም ደብዘዝ ያለ ነው። በሁለት ረድፍ ሆናችሁ በዝግታ ትዞራላችሁ። አስከሬኑ በመስታወት ውስጥ ነው፣ እጆቻቸው አካላቸው ላይ ተጣጥፈው። ነጭ ጢማቸው ጎልቶ ይታያል። እዚያች ላይ እማዬ በለሆሳስ «ነፍስ ይማር» አለች። ዘቡ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሲያደርግ ግን ፊቱ አልተቆጣም። የሆነ ነገር የገባው መሰለኝ።

ስንወጣ አንድ እውነት ነገርኳት። ሆ ቺ ሚን በኑዛዜያቸው እንዲቃጠሉ ጠይቀው ነበር። አመዳቸው ለሰሜኑ፣ ለመሐሉና ለደቡቡ ተከፋፍሎ እንዲቀበር ነበር ምኞታቸው። የሞቱት መስከረም 2 ቀን 1969 ነው፣ የነፃነቱ አዋጅ በተነበበበት ቀን፣ ከ24 ዓመት በኋላ። መንግሥት ግን የሞታቸውን ቀን መስከረም 3 ብሎ ነበር ያወጀው። ትክክለኛው ቀንም ስለ ቃጠሎው የጻፉትም በይፋ የተነገረው በ1989 ነው። እማዬ ቆመች። «የሟች ቃል እንዴት ይታለፋል?» አለች። ብዙም አልተከራከርኳትም። እኔም እንደሷ ነው የሚሰማኝ። ሕዝቡ መሪውን ማየት መፈለጉ ይገባኛል፣ ሰልፉ ላይ የሚያለቅሱ ሴቶችንም አይቻለሁ። ግን የሰው የመጨረሻ ቃል ከባድ ነገር ነው። ይህን ማወቅ ሕንፃውን ሌላ ዓይነት ያደርገዋል።

ከመካነ መቃብሩ ጀርባ ያለውን ግቢ አትለፉት። የውጭ አገር ሰው 40,000 ዶንግ ይከፍላል። ቢጫው ቤተ መንግሥት ፈረንሳዮች ከ1900 እስከ 1906 ኢንዶቻይና ለሚሉት ቅኝ ግዛታቸው ጠቅላይ ገዢ የሠሩት ነው። ሆ ቺ ሚን አልኖሩበትም። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይኖርበት የነበረ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ከ1958 ጀምሮ ደግሞ በእንጨት ምሰሶ ላይ በቆመች ቤት። ከላይ ሁለት ክፍል ብቻ ነች፣ አልጋና ጠረጴዛ። አጠገቧ የዓሣ ኩሬ አለ። አጨብጭበው ዓሦቹን እየጠሩ ያበሏቸው ነበር ይባላል። እማዬ ቤቷን አይታ «ይቺን ነው ያሳየሽኝ የምለው» አለች። ባለ አንድ ዓምዱ ቤተ መቅደስም እዚያው አጠገብ ነው። መጀመሪያ በ1049 የተሠራ፣ ፈረንሳዮች ሲወጡ በ1954 ያፈረሱት፣ በ1955 እንደገና የቆመ። ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

ወደሚያናድደኝ ልሂድ። መግቢያዎቹ ይቀያየራሉ። ዛሬ የገባችሁበት በር ነገ ታጥሮ ታገኙታላችሁ። ምልክቶቹ የሚበዙት በቬትናምኛ ብቻ ናቸው። ለጉልበት በሽተኛ መቀመጫ የለም ማለት ይቻላል። ሽንት ቤት ፍለጋ እማዬን ይዤ ረጅም መንገድ ሄጃለሁ። ውኃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጃንጥላም አትርሱ። አንድ የታክሲ ሹፌርም ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አዙሮን ሂሳቡን ከፍ አድርጎብናል፣ ስለዚህ ዋጋው ቀድሞ በሚታይ የስልክ መተግበሪያ ብትጠሩ ይሻላል። ይህ ሁሉ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። የዕድሜ ባለጸጎች በብዛት የሚመጡበት ቦታ ስለሆነ አሥር ወንበር ቢጨመር ምን ይጎዳል? በዚህ የተነሣ ከአምስት ኮከብ አራት ነው የምሰጠው። ወንበሩ ሲመጣ አምስተኛውን እጨምራለሁ።

አሁን ስለ ማታው። እሱን ለመጨረሻ ያቆየሁት በጣም ስለምወደው ነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ አደባባዩ ሌላ ሰው ይሆናል። ሜዳው ከ200 በላይ በሆኑ ባለ አራት ማዕዘን የሣር መደቦች ተከፋፍሏል፣ በመካከላቸው ቀጫጭን መተላለፊያ አለ። የሃኖይ ሰው ልጁን ይዞ እነዚያ መተላለፊያዎች ላይ ይመጣል። ልጆቹ መስመሩን ተከትለው እንደ ገበጣ ጠጠር ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣሉ። ሣሩን የረገጠ ፊሽካ ይነፋበታል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ትንንሾቹ ግን ይረሳሉ። ፊሽካው ሲሰማ እናቶች «ና!» እያሉ ይጣራሉ፣ ቬትናምኛ ባትችሉም ይገባችኋል። መካነ መቃብሩ መብራት ይበራለታል። ፊት ለፊቱ ያለው አዲሱ የብሔራዊ ምክር ቤት ሕንፃም እንዲሁ፣ በ2014 ነው ሥራ የጀመረው። ከሱ አጠገብ የተቆፈረው የታንግ ሎንግ የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከተማዋ ዋና ከተማ የሆነችው በ1010 ነው። እማዬ «አገሩ የቆመበት» ስትል ይህን ሁሉ አላወቀችም ነበር።

3 ሰዓት ላይ ባንዲራው ይወርዳል። ጠዋት እንደነበረው ወታደሮቹ ይመጣሉ። የሚሮጡት ልጆች ቀጥ ይላሉ። የማክሰኞ ማታ እማዬ መተላለፊያው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ አንዲት ቬትናማዊት አሮጊት ተቀምጠዋል፣ ዕድሜያቸው ከእማዬ ከፍ ይላል። ባንዲራው ሊወርድ ሲል ሁለቱም ለመነሣት ተቸገሩ። እርስ በርሳቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተነሡ። ባንዲራው ወርዶ እስኪታጠፍ ድረስ አልተላቀቁም። ከዚያ አሮጊቷ የእማዬን ነጠላ ጥለት በሁለት ጣታቸው ይዘው ስፌቱን መረመሩት። ጠጋ ብለው በብርሃን አዩት። የሆነ ነገር ተናገሩ። እማዬም በአማርኛ መለሰችላቸው፦ «በእጅ የተሠራ ነው እናቴ፣ በእጅ።» እጇን ሸማኔ እንደሚወረውር አድርጋ አሳየቻቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም በእጃቸው ሌላ ነገር አሳዩአት፣ እኔ የሐር ትል ከሙቅ ውኃ ሲመዘዝ መሰለኝ። እንደዚህ ሆነው ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። እኔ መሐላቸው አልገባሁም።

አራተኛውን ቀን እኔ አላቀድኩትም። እማዬ በማግስቱ ልትበር ነው። እራት በልተን ታክሲ ጠራሁ፣ ወደ ቤት ልንሄድ። እማዬ ከፊት ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች። ሹፌሩ ሊነሣ ሲል ወደሱ ዞረችና «ባ ዲን» አለችው። የዚህ አገር ቋንቋ ድምፁ ትንሽ ከተሳሳተ ማንም አይሰማችሁም፣ እኔን ሁለት ዓመት አስቸግሮኛል። ሹፌሩ ግን ሰማት። ሰዓቱን አየ፣ 3 ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ቀርቶታል። መሪውን አዞረ።